እንጉዳይና ቁራኛዋ

ማክሰኞ ጠዋት እንጉዳይ ከእንቅልፏ ስትነቃ የነጠላዋ ጫፍ ባሏን ከወሰደው ሰውዬ ጋቢ ጫፍ ጋር ተቋጥሮ አገኘችው።

ቋጠሮው አንድ ነው። ጠበቅ ያለ፣ ሴቶች የጎመን ዘር የሚቋጥሩት ዓይነት። ጋቢው በድንኳኑ ላስቲክ ሥር ሾልኮ ወደ ውጭ ይወጣል። እንጉዳይ ልጇ ወለላ እንዳትነቃ ቀስ ብላ ተነሣችና ላስቲኩን ገለጥ አደረገች። ሰውዬው፣ ቢያድግልኝ፣ የቀረውን ጋቢውን ተከናንቦ፣ የእሷኑ ቢጫ ጀሪካን አጋድሞ ተቀምጦበታል።

«እንዴት አደርሽ?» አላት።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለች፤ ሰላምታ የእግዜር ነውና።

«እኔ አልመጣሁም» አለ። «የተኛሁት አምስተኛው ቀጠና፣ ፍራሼ ላይ ነው። ስነቃ እዚህ ነኝ። እግሬን አቧራ እንኳ አልነካውም፤ እይው።»

አየችው። እውነቱን ነው፤ እግሩ ንጹሕ ነው። በስደተኞቹ ሰፈር ውስጥ ከአምስተኛው ቀጠና እሷ እስካለችበት እስከ ሦስተኛው የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው፤ መንገዱም ዱቄት የመሰለ አቧራ ነው።

ከዚያ በፊት የሆነው ነገር ይህን ያህል ነው። ሰኞ ዕለት እንጉዳይ ቦኖው ዘንድ ውሃ ልትቀዳ ተሰልፋ ሳለ ከወንዶቹ ሰልፍ መካከል አወቀችው። ከሁለት ዓመት ተመንፈቅ በፊት፣ በአገሯ በዋርካ ውሃ ቀበሌ፣ ቢያድግልኝ ሚሊሺያ ነበር። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ወረቀት ይዞ መጣና የሰባት ሰው ስም አነበበ። አራተኛው ስም የባሏ የፈንታሁን ነበር። ሰባቱ መኪና ላይ ተጫኑ፤ ከዚያ ወዲያ የት እንደደረሱ የነገራት ሰው የለም። ወለላ ያኔ ገና ሆዷ ውስጥ ነበረች። ቀጥሎ ዘመኑ ተገለበጠ፤ ዝርዝር ያነበበውም በተራው ዝርዝር ውስጥ ገባ። ቢያድግልኝ እነ እንጉዳይ በተሻገሩበት የድንበር ወንዝ ተሻግሮ፣ እነሱ የያዙትን ዓይነት ሰማያዊ የራሽን ካርድ ይዞ፣ ከነሱው ጋር ውሃ ተሰልፎ ቆመ።

እንጉዳይ አልጮኸችም። ድሮም ድምፀ ሰላላ ናት። «በሕግ አምላክ» አለች፣ ለራሷ የምትናገር በሚመስል ድምፅ። ከፊቷ ያለችው ሴት ወረፋ የተወሰደባት መስሏት ዞር አለች። ቢያድግልኝ አልዞረም። ጀሪካኑን ሞልቶ፣ ተሸክሞ ሄደ። በቃ፣ ይኸው ነው።

መጀመሪያ የደረሰችው ጎረቤቷ ሽታዬ ናት፤ የቀጠናውን ሰው ጠጉር የምታስተካክል፣ መቀስ ያላት ሴት። ቋጠሮውን አገላብጣ አየችና አንድ ስንዝር ወደ ጋቢው ገባ ብላ ቆረጠችው። ቁራጩ መሬት ላይ ወደቀ። ቋጠሮው ግን በነበረበት አለ፤ ጋቢው ብቻ በአንድ ስንዝር አጠረ። ደግማ ቆረጠች፤ አሁንም አጠረ። ለሦስተኛ ጊዜ ስትቆርጥ ቢያድግልኝ ጉልበቱን ሸፈን ሸፈን አደረገ።

«እንዲህ ከቀጠልን እኮ ሰውዬው ራቁቱን መቅረቱ ነው» አለች ሽታዬ።

«ተይ እባክሽ እህቴ።»

«እህት ይንሳህ! እኔ ነኝ እህትህ?» አለችና መቀሱን ጉያዋ ውስጥ ከተተች።

እንጉዳይ ነጠላዋን አውልቃ ጣለችው። ቋጠሮው ወደ ቀሚሷ ጠርዝ ተዛወረ። ቀሚስ ያላት አንድ ስለሆነ ነጠላዋን መልሳ ለበሰች፤ ቋጠሮውም ወደ ቦታው ተመለሰ።

አያ ይርዳው ተጠሩ። አያ ይርዳው ሰማንያ ዓመት የዘለላቸው፣ በወጣትነታቸው የአጥቢያ ዳኛ ጸሐፊ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው። ከመነጽራቸው አንዱ መስታወት ወድቋል። ባለ መስታወቱን ዓይናቸውን ቋጠሮው ላይ አስጠግተው፣ ወረቀት እንደሚያነብ ሰው ከግራ ወደ ቀኝ አዩት።

«ቁራኛ ነው» አሉ።

«ምንድነው እሱ ደግሞ?» አለች ሽታዬ።

«ዱሮ ፖሊስ ሳይኖር፣ ከሳሽና ተከሳሽ በልብሳቸው ጫፍ ይቋጠሩና ዳኛ ዘንድ ይሄዱ ነበር። ጠባቂ የለ፣ ጠመንጃ የለ፤ ጨርቅ ነው የሚጠብቃቸው። ከአንድ ማዕድ ይበላሉ፣ አንድ ደጅ ያድራሉ። ዳኛ ፈርዶ እስኪፈታቸው ነው።»

«እሷ ብትፈታውስ?» አለ ቢያድግልኝ ቶሎ ብሎ።

«እሷ ከፈታችው ክሱ ቀረ። ማረችህ ማለት ነው። አንተ ግን ልትፈታው አትችልም፤ እስቲ ሞክር።»

ሞከረ። ቋጠሮው በሱ ጣት ሥር እንደ ድንጋይ ነው። እንጉዳይ ነካ አደረገችው። በሷ ጣት ሥር ጨርቅ ነው፤ በአንድ ጥፍር ይላላል። ቶሎ ብላ እጇን ሰበሰበች።

«ዋስ አለህ?» አሉት አያ ይርዳው።

«የለኝም።»

«እንግዲያ ዳኛ ፈልጉ» አሉና ምርኩዛቸውን ይዘው ወደ ጥላቸው ተመለሱ።

ችግሩ ሐሙስ ነበር። ሐሙስ ቀን፣ ልክ ስድስት ሰዓት ላይ፣ ወደ ሦስተኛ አገር፣ ባሕር ማዶ ለመኖር የሚሄዱ ሃምሳ ሰዎችን አውሮፕላን ማረፊያ የሚያደርስ አውቶቡስ ይነሣል። የእንጉዳይና የወለላ ስም ከሃምሳዎቹ ውስጥ ነው። ለዚህ አውቶቡስ ሁለት ዓመት ጠብቃለች። አሻራዋን ሰባት ጊዜ ሰጥታለች። «ባልሽ የት ነው?» ለሚል ጥያቄ ለስድስት የተለያዩ ሰዎች «አላውቅም» ብላ መልሳለች፤ ስድስቱም ጽፈውታል። አሁን መልሱን የሚያውቀው ሰው ጀሪካኗ ላይ ተቀምጧል። ቋጠሮውን ፈትታ ብትሄድ ክሱ ይቀራል፤ ክሱ ከቀረ ፈንታሁን የት እንዳለ ሳታውቅ ባሕር ትሻገራለች። ሳትፈታው ደግሞ አውቶቡስ ላይ መውጣት አትችልም። እንግዲህ እስከ ሐሙስ ስድስት ሰዓት ድረስ ዳኛ ማግኘት አለባት።

«ፈንታሁንን የት አደረሳችሁት?» አለችው።

«ተከሳሽ ለከሳሽ አይናገርም» አለ ቢያድግልኝ። «ለዳኛ ነው የሚናገረው። ወግ ነው።»

ወለላን አዘለችና ተነሡ።

መንገድ ላይ መራመድ መማር ነበረባቸው። የእሷ እርምጃ አጭርና ፈጣን ነው፤ የሱ ረጅምና ጎተት ያለ ነው። መጀመሪያ ጨርቁ ይወጠርና ይረግብ ነበር። ሁለተኛው ቀጠና ሲደርሱ እግራቸው እኩል መርገጥ ጀመረ። እንጉዳይ ይህን ስታውቅ ሆን ብላ እርምጃዋን ቀየረች። የክሊኒኩን ሰሌዳ ሲያልፉ ግን እግራቸው እንደገና እኩል ሆኖ ነበር።

ስደተኞቹን የሚረዳው ድርጅት ቢሮ የብረት ኮንቴይነር ነው። ኃላፊዋ የውጭ አገር ሴት ናት፤ ሰብለ የምትባል የከተማ ልጅ ታስተረጉምላታለች።

«ይህ ሰው ባሌን ወስዶታል» አለች እንጉዳይ። «ዳኛ እፈልጋለሁ።»

ሰብለ ተረጎመች። ኃላፊዋ ቋጠሮውን አየች፣ ጻፈች፣ ተናገረች።

«በጣም አዝናለሁ ትላለች። ይህ ቢሮ ጥበቃ ይሰጣል፤ ዳኝነት አይሰጥም። ጥበቃ ትፈልጊያለሽ ወይ ትላለች።»

«ከማን?»

«ከሱ።»

«ከሱማ ጋር ተቋጥሬያለሁ።»

ኃላፊዋ ይህንንም ጻፈች። ከዚያ ወደ ቢያድግልኝ ዞራ ያንኑ የመሰለ ነገር ተናገረች።

«አንተስ ጥበቃ ትፈልጋለህ ወይ ትላለች።»

«እፈልጋለሁ» አለ ቢያድግልኝ።

ለሁለቱም አንዳንድ ቁጥር ተሰጣቸው። የሱ ቁጥር ከሷ በአንድ ይቀድማል።

«ባሕር ማዶ ትልቅ ፍርድ ቤት አለ አይደል?» አለች እንጉዳይ። ይህን ከሬዲዮ ሰምታለች።

ሰብለ ጠየቀችላት። «አለ ትላለች። ደብዳቤ ይጻፍለታል። ግን እዚያ የሚታየው የትልልቅ ሰዎች ጉዳይ ነው። የዚህ ሰውዬ ማዕረግ ምን ነበር?»

«ሚሊሺያ።»

ሰብለ ከኃላፊዋ ጋር ጥቂት ተነጋገረች። «ትንሽ ነው ትላለች።»

«ባሌም ትንሽ ነበር» አለች እንጉዳይ።

ሰብለ ይህን አልተረጎመችውም። የወለላን ጫማ አስተካከለችላትና ሌላ ሰው ጠራች።

ሲወጡ የመዝገብ መስኮቱ ዘንድ የተቀመጠው ጸሐፊ አስቆማቸው። ለሱ የተሰጠው መመሪያ አንድ ላይ የሚመጣን ሰው አንድ ላይ መመዝገብ ነው፤ ከዚህ በላይ አንድ የሆነ ሰው ደግሞ አይቶ አያውቅም። ግድግዳው ላይ አስደግፎ ሦስቱን ፎቶ አነሣቸው። ማሽኑ አዲስ ካርድ አወጣ። እንጉዳይ ማንበብ የተማረችው እስከ አምስተኛ ክፍል ነው፤ ለዚህ ይበቃታል። ካርዱ ላይ «የቤተሰብ ኃላፊ፦ ቢያድግልኝ አስፋው። ሚስት፦ አንድ። ልጅ፦ አንድ» ይላል።

«ሚስቱ አይደለሁም» አለች።

«ማስተካከያ ሰኞ ሰኞ ነው» አለ ጸሐፊው።

«ሐሙስ እሄዳለሁ እኮ።»

«እንግዲያ ሦስታችሁም ትሄዳላችሁ። መዝገቡ አንድ ሆኗል» አለና መስኮቱን ዘጋ። የምሳ ሰዓቱ ነበር።

ቢያድግልኝ ካርዱን ብዙ ጊዜ አየው። ከዚያ ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ሊከተው ሲል እንጉዳይ ነጠቀችውና ጡቷ ሥር ወሸቀችው።

የተሰደዱበት አገር ፖሊስ ጣቢያ ከሰፈሩ በር አጠገብ ያለች አንድ ክፍል ናት። አንድ አሥር አለቃ ብቻውን ሐብሐብ ይበላል። ጥቂት አማርኛ ያውቃል።

«እዚህ አገር ምን አጠፋ?» አለ ቢያድግልኝን በቢላው እያመለከተ።

«እዚህ ምንም» አለች እንጉዳይ።

«ጥሩ ሰው ነው በይኛ!» አለና ለሦስቱም አንዳንድ ቁራጭ ሐብሐብ ሰጣቸው። ወለላ የራሷን ጨርሳ የቢያድግልኝን ተቀበለች።

ቦኖው ዘንድ ሲመለሱ ሴቶቹ ጠበቋቸው።

«እንጉዳይ! ሙሽራ ሆነሽ ሳትነግሪን?»

«ሚዜ ጠፍቶ ነው በጨርቅ የያዘችው!»

«ዝም በሉ እናንተ! ቁራኛ ነው ተብሏል» አለችና ሽታዬ ወደ አንዷ ዞረች። «ያንቺን የወሰደው ሰውዬስ የት አለ? እስቲ ጥሪው፣ ማን ያውቃል።»

ሴቶቹ ጀሪካናቸውን መሬት ላይ አስቀመጡ። ከዚያ አንዷ ወደ ወንዶቹ ሰልፍ እያየች ከንፈሯን አንቀሳቀሰች። ሌላዋም። ከዚያ ቀን ከሰዓት ጀምሮ በሰልፉ ውስጥ ለራስ የሚነገር ዓይነት ድምፅ ይሰማ ነበር፤ ውሃው ጀሪካን ውስጥ ሲንዶቆዶቅ ነው ወይስ ሰው ነው፣ መለየት ያስቸግራል። ረቡዕ ጠዋት ውሃ ሊቀዱ የመጡት ወንዶች በግማሽ ቀነሱ። የመጡትም ጋቢያቸውን በጃኬት ለውጠው ነበር። ጃኬት ጫፍ የለውም።

ረቡዕ አያ ይርዳው ሌላ ነገር ትዝ አላቸው።

«ዳኛ ከጠፋ መንገደኛ ይያዛል» አሉ። «ዱሮ ሁለት ተሟጋቾች መንገደኛ አቁመው ‹በሕግ አምላክ ዳኘን› ካሉት፣ ጥሎ መሄድ ነውር ነው። ጥላ ፈልጎ ይቀመጣል፣ ይሰማል፣ ይፈርዳል። ንጉሥም ቢሆን የሱን ፍርድ አይንቅም።»

«ማንም መንገደኛ?» አለች እንጉዳይ።

«ለሁለታችሁም ዘመድ ያልሆነ። ደግሞ ከቤቱ ወጥቶ ወደ ቤቱ የሚመለስ መሆን አለበት። መመለሻ የሌለው ሰው እሱም ፍርድ ጠባቂ ነው፤ አይዳኝም።»

በሰፈሩ ውስጥ አርባ ሺህ ሰው አለ። መንገዱ ዳር ካለችው የኒም ዛፍ ሥር ቆመው ቀኑን ሙሉ መንገደኛ አስቆሙ። አንድ ቄስ ቆሙላቸው፤ «ቤትዎ ይመለሳሉ?» ብላ ስትጠይቃቸው መስቀላቸውን አሳለሟትና ሄዱ። አንድ ጫማ ሰፊ ቆመ፤ ጥያቄውን ሲሰማ ሣጥኑ ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ፤ ከዚያ ተነሥቶ መንገዱን ቀጠለ። ኃላፊዋ በመኪና መጣች፤ በሰብለ በኩል ተጠየቀች፤ ከሰባት ወር በኋላ ለዕረፍት ወደ አገሯ እንደምትመለስ ተናገረች። አያ ይርዳው ሰባት ወር መንገደኛ አያሰኝም አሉ።

እንጉዳይ መቀመጥ አልቻለችም። ሦስት እርምጃ ትሄዳለች፣ ጨርቁ ይይዛታል፣ ትመለሳለች። ሦስት እርምጃ በዚያ በኩል፣ ሦስት እርምጃ በዚህ በኩል። ከዛፉ ሥር የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያለው መንገድ ቆፈረች። ቢያድግልኝ መሐሉ ላይ ተቀምጦ ነበር። ፀሐይዋ ስትዞር ጋቢውን በቀኝ እጁ ዘርግቶ የተኛችውን ወለላ ከለላት።

«እናቴ ቢያድግልኝ ያለችኝ ከኔ በፊት አምስት ቀብራ ነው» አለ።

«አልጠየቅሁህም።»

«እንዲያው ነው።»

ጥቂት ቆይቶ፣ «ፍቺኝና እነግርሻለሁ» አላት።

«ንገረኝና እፈታሃለሁ።»

«አታምኚኝም?»

«አንተስ ታምነኛለህ?»

አንድ የጭነት መኪና ሳይቆም አለፈ፤ አቧራው ሁለቱን አንድ ዓይነት ቀለም ቀባቸው። የእንጉዳይ እጅ ወደ ቋጠሮው ሄደ። ጥፍሯ ወደ ውስጥ ገባ። ጨርቁ መላላት ጀመረ፤ ቢያድግልኝም መተንፈሱን አቆመ። ባሕሩ ታያት። ወለላ ደብተር ይዛ ታየቻት። ጥፍሯ ትንሽ ገባ አለ።

«ያን ቀን፣ ለምሳ ይመለሳል ብለኸኝ ነበር» አለችው።

ሁለቱን ጫፎች ያዘችና ቋጠሮውን ከበፊቱ ይልቅ አጥብቃ ሳበችው።

ሐሙስ አምስት ሰዓት ላይ አውቶቡሱ መጣ። ነጭ ነው፤ መስኮቶቹ ላይ መጋረጃ አለው። ሰብለ በሩ ዘንድ ቆማ ስም መጥራት ጀመረች። የተጠራው ሰው በነጭ የላስቲክ ከረጢት ወረቀቶቹን ደረቱ ላይ ይዞ ይገባል፤ ከገባ በኋላ በመስኮቱ በኩል እንኳ ወደ ውጭ አያይም።

«ቢያድግልኝ አስፋው፣ ባለቤቱ፣ ልጁ» አለች ሰብለ። ካነበበች በኋላ ወረቀቱን ደግማ አየችው፤ ቀና ብላ እንጉዳይንም አየቻት። «እዚህ ላይ የተጻፈው እንዲህ ነው» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ።

«እንሂድ» አለ ቢያድግልኝ ጆሮዋ ሥር። «እዚያ ዳኛ ይኖራል። እኔም አልሸሽም፤ ይኸው ታስሬ።»

«እዚያ ስንደርስ ባሌ ልትባል?»

«ወረቀት ነው እኮ።»

«ያኔም ወረቀት ነበር» አለች።

ቢሆንም እግሯ የአውቶቡሱ ደረጃ ላይ ወጣ። አንድ ደረጃ። ሹፌሩ መሪው ላይ ክንዱን አስደግፎ ያያታል። አደም ይባላል፤ የአገሩ ተወላጅ ነው። አማርኛውን ጠረፍ ላይ ሽንኩርት ሲጭን የለቀመው ስለሆነ ወንዱንም ሴቱንም «አንተ» ይላል።

«ግባ፣ አንተ! ሰዓት የለም።»

እንጉዳይ አልገባችም። «ቤት አለህ?» አለችው።

«አለኝ። ምን ፈለግህ?»

«ዛሬ ትመለሳለህ?»

«አሃ! ሚስቴ ዓሣ ትጠብሳለች። ካልመጣሁ ለድመት ትሰጣለች። እመለሳለሁ።»

እንጉዳይ ከደረጃው ወረደች። «በሕግ አምላክ!» አለች፤ እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳላት እሷም አታውቅም ነበር። ወለላ ጀርባዋ ላይ ደንግጣ አለቀሰች። «በሕግ አምላክ፣ ዳኘን!»

አደም ሞተሩን አጠፋ። ለምን እንዳጠፋው የጠየቀው የለም። ወርዶ ደረጃው ላይ ተቀመጠ፣ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አደረገ። «አሥር ደቂቃ» አለ። «ማነው የከሰሰ?»

«እኔ።»

«አንተ ምን ጠፋብህ?»

«ባሌ። ፈንታሁን ምትኩ ይባላል። ረፋድ ላይ ነበር፤ ማረሻ ይስል ነበር። ይህ ሰው ወረቀት ይዞ መጣና ስሙን አነበበ። ለአንድ ጥያቄ ነው፣ ለምሳ ይመለሳል አለኝ። አልተመለሰም።»

ጨረሰች። ሁለት ዓመት ተመንፈቅ በልቧ ስትናገረው የማያልቅ ነገር ነበር፤ አፏ ላይ ሲመጣ አንድ ደቂቃ አልሞላም።

«አንተስ?» አለ አደም።

«ስም አነበብኩ እንጂ በማንም ላይ እጄን አላነሣሁም» አለ ቢያድግልኝ። ለዳኛ ሲናገር ቆሞ ነበር። «ዝርዝሩን የጻፈው ሌላ ነው። መኪናውን የነዳው ሌላ ነው። ደረቁ ወንዝ ዘንድ ጠመንጃ ይዘው የቆሙትም ሌሎች ናቸው።»

«የትኛው ደረቅ ወንዝ?» አለ አደም።

ከአውቶቡሱ ውስጥ መጋረጃዎች አንድ በአንድ ተገለጡ።

አደም ኮፍያውን አዟዟረ። «እኔ ሹፌር ነኝ» አለ። «ዝርዝር ይሰጡኛል። ሃምሳ ጭኜ አርባ ዘጠኝ ባደርስ፣ ‹ዝርዝር የጻፈ ሌላ ነው› ብዬ ቤቴ አልሄድም። አንተ ስም ጠርተህ ወሰድህ። ስም ጠርተህ መልስ። ሰባት ነው? ሰባት መልስ። አለቀ።»

«ይግባኝ አለህ?» አሉ አያ ይርዳው ከሰዉ መሐል።

«የለኝም» አለ ቢያድግልኝ። «እሺ።»

ቋጠሮው ያን ጊዜ ተፈታ። ማንም አልነካውም። የእንጉዳይ ነጠላ ቀለል ብሎ ጎኗ ላይ ወደቀ።

«እንጉዳይ፣ ግቢ» አለች ሰብለ። «ነፃ ነሽ እኮ፤ ወለላን ይዘሽ ግቢ። ሩብ ጉዳይ ነው።»

ቢያድግልኝ ግራ ክንዱን አነሣ። እንጉዳይ በሦስት ቀን ውስጥ ይህን ክንዱን ሲያነሣው አንድም ጊዜ እንዳላየችው አሁን ገባት። ከብብቱ ሥር የጋቢው ሌላኛው ጫፍ ነበር፤ እሱም ተቋጥሯል። የተቋጠረው ከአንድ የሸሚዝ እጅጌ ጋር ነው። እጅጌው ከመቀነት፣ መቀነቱ ከፎጣ፣ ፎጣው ከሌላ እጅጌ ጋር ተቋጥሮ፣ ከኋላው መሬት ለመሬት ይሄዳል። ግቢውን አቋርጦ፣ በአጥሩ ሽቦ ሥር አልፎ፣ በሜዳው ላይ ወደ ወንዙና ወደ አገር ቤት አቅጣጫ ይዘልቃል። ሰው ሁሉ ሲረግጠው ነው የኖረው። አቧራ ለብሶ መንገድ መስሏል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለች እንጉዳይ።

«ከመጀመሪያው ቀን» አለ። «የወሰድኳቸው ሰባቱም ከሰውኛል።»

ወደ ወንዙ ዞረ፤ ጨርቁን በሁለት እጁ ያዘ፤ ወረቀት እንደሚያነብ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። «ሙሉቀን አበጀ!» አለና ሳበ። ጨርቁ መጣ፤ ደረቅ አቧራ ይዞ። «ጌትነት ወርቁ!» አለ። እሾህና የደረቀ ሣር ይዞ መጣ። «አሞኘ ደሳለኝ!» ሲል ቀይ ጭቃ ይዞ መጣ፤ እርጥብ ነው፤ በዚህ ወር ግን የትም ዝናብ አልጣለም። ቢያድግልኝ ላብ አጠመቀው፤ ከዚህ በላይ መሳብ አልቻለም።

አደም እጅጌውን ሰብስቦ ከኋላው ያዘ። ሽታዬ ያዘች። ከአውቶቡሱ አንድ ሽማግሌ ወረዱ፣ ከረጢታቸውን መሬት ላይ አስቀመጡና ያዙ። ከዚያ ሌሎቹ መውረድ ጀመሩ። ሰብለ ስም ጠራች፣ ደግማ ጠራች፤ የሚመልስላት ስታጣ ወረቀቱን በድንጋይ ጫነችውና እሷም መጥታ ያዘች። አውቶቡሱ ባዶውን፣ በሩ እንደተከፈተ ቆመ። ሰዓቱ ስድስት ሆነ፤ አለፈ።

እንጉዳይ የተፈታ ነጠላዋን በወለላ ላይ አዙራ ወገቧ ላይ አጥብቃ ቋጠረች። ጫማዋን አወለቀች። መጥታ ከቢያድግልኝ ፊት፣ ከሁሉም ፊት ቆመችና ጨርቁን ጨበጠች። ቀዝቃዛ ነው።

«ፈንታሁን ምትኩ!» አለ ቢያድግልኝ።

ሳቡ። ጨርቁ አልመጣም። ከሜዳው ላይ ተነሥቶ በአየር ላይ ቀጥ ብሎ ተወጠረ፤ የለበሰው አቧራ እስከ ወንዙ ድረስ በአንድ ጊዜ ረገፈ።

ከዚያ ከወዲያኛው ጫፍ አንድ እጅ ጨርቁን ሁለት ጊዜ ሳብ፣ ሳብ አደረገው፤ በዚህ በኩል ማን እንዳለ ለማወቅ እንደሚፈልግ ሰው።